ሰማንያ ሰባት ቀን

በዲሴምበር 2005 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቶኪዮ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ የዓለም ሻምፒዮኗን ሩሲያዊት ኢሪና ስሉትስካያን አስከትላ የግራንድ ፕሪ ፍጻሜን አሸነፈች። ማኦ አሳዳ ትባላለች። አሥራ አምስት ዓመት ከሞላት ገና ሦስት ወር አልሆናትም። ሁለት ወር ቆይቶ የቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ሲከፈት አሳዳ እዚያ አልነበረችም። አልታመመችም፤ ጉዳትም አልደረሰባትም። የዚያን ጊዜው ደንብ ኦሊምፒኩ ከመድረሱ በፊት ባለው ጁላይ 1 ቀን 15 ዓመት የሞላት ትሁን ይል ነበር፤ እሷ የተወለደችው ሴፕቴምበር 25 ነው። የጎደላት 87 ቀን ነበር። ለዚች ልጅማ ልዩ ፈቃድ ይሰጥ የሚል ጫጫታ ተነሥቶ ነበር፤ ደንቡ ግን ንቅንቅ አላለም። ወርቁን ሌላዋ ጃፓናዊት ሺዙካ አራካዋ ወሰደች።

እኛ ቱሪንን የምናስታውሰው በሌላ ምክንያት ነው። ሮቤል ተክለማርያም በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የቀረበው እዚያ ነው። የሱ ውድድር ግን ስኪ ነው፤ በለስላሳው፣ ከሰማይ በሚወርደው በረዶ ላይ። አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውንም ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም አንድ ላይ “በረዶ” ስለሚል ሁለቱ ስፖርቶች ይምታቱብናል። የአሳዳ ስፖርት ፊገር ስኬቲንግ ነው፤ እንደ መስተዋት በጠጠረ ወለል ላይ፣ ከሥሩ የብረት ስለት በተገጠመለት ጫማ፣ በሙዚቃ እየተንሸራተቱ መዝለልና መሽከርከር። በዚህ ስፖርት “ጁኒየር ልሁን ወይስ ሲኒየር?”፣ ማለትም ከወጣቶቹ ወይስ ከአዋቂዎቹ ጋር ልወዳደር፣ የሚለው ጥያቄ ከዝላዮቹ ባልተናነሰ የብዙዎችን ዕድል ሲያቃና ሲያሰናክል ኖሯል።

ነገሩን በሩጫ በኩል ለምናውቅ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ጥሩነሽ ዲባባ በማርች 2003 ሎዛን በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶቹን ውድድር አሸንፋ፣ በዚያው ዓመት በኦገስት ፓሪስ ላይ ከአዋቂዎቹ ጋር ተሰልፋ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ያው ሎዛን የዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር መቀመጫ ነው። ማኅበሩ በ1892 የተመሠረተ ሽማግሌ ሲሆን፣ እንደ ሽማግሌነቱም በዕድሜ ጉዳይ ጥብቅ ነው። ለጁኒየር ጁላይ 1 ቀን ቢያንስ 13 ዓመት መሙላት፣ በነጠላ ውድድር ደግሞ 19 አለመሙላት ያስፈልጋል። ለጥንዶች ጣሪያው ትንሽ ከፍ ይላል። ለሲኒየር ዛሬ 17 መሙላት ግድ ነው። ጁላይ 1 በእኛ ሰኔ 24 መሆኑ ነው። ሰኔ 23 የተወለደችና ሰኔ 25 የተወለደች ሁለት ልጆች፣ በሁለት ቀን ልዩነት፣ በስኬቲንግ ዓለም የአንድ ዓመት ታላቅና ታናሽ ናቸው።

ይህ እንግዲህ የዓለም አቀፉ በር ነው። የአገር ቤቱ በር ሌላ ነው፤ ብዙ ተመልካች ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ፣ በአገር ውስጥ ውድድር ደረጃን የሚወስነው የልደት ቀን ሳይሆን ፈተና ነው። ከታች ከፕሪ-ፕሪሊሚናሪ ተነሥቶ በጁቬናይል፣ በኢንተርሚዲየትና በኖቪስ አልፎ እስከ ጁኒየርና ሲኒየር ይወጣል። በየደረጃው ልጁ ዳኞች ፊት ቀርቦ የእግሩን ሥራ፣ ማለትም በስለቱ ጠርዝ ላይ መንሸራተቱንና መታጠፉን፣ ከዚያም ዝላይና ሽክርክሩን ያሳያል። መቼ እንፈተን የሚለው የአሠልጣኝና የወላጅ የዘወትር ክርክር ነው። ልጅቷ ታች ሆና አንደኛ ትውጣ ወይስ ላይ ወጥታ አሥራ ሁለተኛ? በግሌ፣ ታች የተሰበሰበ ወርቅ ብዙ አያስቀናኝም። ሆኖም በየሳምንቱ ለሜዳና ለአሠልጣኝ የሚከፍለው ወላጅ እኔ አይደለሁም።

ሁለቱ በሮች ሳይገጥሙ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን ያሳየችው አሊሳ ሊዩ ናት። በጃንዩዋሪ 2019 ዲትሮይት ላይ ገና በ13 ዓመቷ የአሜሪካ የሲኒየር ሻምፒዮን ሆነች። ከመድረኩ ከፍተኛ እርከን ላይ መውጣት ቢያቅታት ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ታላላቆቿ እጇን ይዘው አወጧት። እስቲ አስቡት፤ በአገሯ ከአዋቂዎች ሁሉ በላይ የሆነች ልጅ በዚያ ዓመት በዓለም አቀፍ መድረክ ጁኒየር እንኳ መሆን አትችልም ነበር። የተወለደችው በኦገስት ስለሆነ ከዚያ በፊት በነበረው ጁላይ 1 ገና 12 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ድጋሚ የአገሯ ሻምፒዮን ሆነች፤ ግን ለዓለም ሻምፒዮና የተመረጡት እሷ ያሸነፈቻቸው ናቸው። እሷ ከጁኒየሮቹ ጋር ቀረች። እዚያም ዝም አላለችም፤ በኦገስት 2019 ሌክ ፕላሲድ ላይ ባለ ሦስት ዙር አክስልና ባለ አራት ዙር ሉትዝ የሚባሉትን ዝላዮች በአንድ ፕሮግራም በመሥራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ስለዚህ ምርጫ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ሁለቱ ዕድሜዎች በሚደራረቡበት ቦታ ብቻ ነው። የሲኒየር ወለል 15 በነበረበት ዘመን፣ ከ15 እስከ 18 ያለች ስኬተር በሁለቱም በር መግባት ትችል ስለነበር አራት የውድድር ዓመት ምርጫ ነበራት። ወለሉ 17 ከሆነ ወዲህ የቀሩት ሁለት ዓመት ብቻ ናቸው።

በነዚያ ዓመታት ምን ይታሰባል? ከሁሉ በፊት በልግ ይታሰባል። የአውሮፓውያኑን በልግ ማለቴ ነው፤ ከኦገስት ጀምሮ ያለውን። የጁኒየር ግራንድ ፕሪ ያን ጊዜ ከአገር አገር እየዞረ ይካሄዳል። አንድ ስኬተር ቢበዛ በሁለቱ ይገባል፤ ከሁሉም የተሻሉት ስድስቱ ለፍጻሜ ይቀርባሉ። ስንት ልጅ ትልካለህ የሚለው ለየአገሩ የሚሰጠው ባለፈው የጁኒየር ዓለም ሻምፒዮና በተገኘው ውጤት ነው፤ ማንን እንደሚልክ የሚወስነው ፌዴሬሽኑ ነው። የሲኒየሩ ግራንድ ፕሪ ግን የግብዣ ነገር ነው። ስድስት ውድድር አለ፤ በእያንዳንዱ በነጠላ 12 ሰው ገደማ ይገባል። ወንበሩ አስቀድሞ የሚሰጠው ባለፈው ዓለም ሻምፒዮና ስም ላላቸው ነው። ስም ሳይኖራት ቸኩላ የወጣች ልጅ አንድ ግብዣ ቢደርሳት ነው፤ ካልቀናትም ምንም። በአንድ የውድድር ዓመት ደግሞ ሁለቱን ግራንድ ፕሪ መቀላቀል አይፈቀድም። ስለዚህ በአውሮፓውያኑ በጋ የተወሰነው ውሳኔ በልጉን ሙሉ ይዞ ይቆያል።

በማርች ገደማ የሚካሄደው የጁኒየርና የሲኒየር ዓለም ሻምፒዮና ግን እንዲህ ጨካኝ አይደለም። አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን ያሳየው ይህንኑ ነው። በ2021 በልግ ጁኒየር ሆኖ ሁለት የጁኒየር ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። በጃንዩዋሪ 2022 በ17 ዓመቱ የአሜሪካ ሻምፒዮና ላይ ከአዋቂዎች ጋር ገብቶ ሁለተኛ ወጣ። መራጮቹ ግን ልምድ ያላቸውን አስቀድመው ከቤጂንግ ኦሊምፒክ አስቀሩት። በማርች ሞንፔሊዬ ላይ በሲኒየር ዓለም ሻምፒዮና ዘጠነኛ ሆነ፤ በኤፕሪል ደግሞ ታሊን ላይ ወደ ጁኒየር ተመልሶ በ276.11 ነጥብ፣ በጊዜው የጁኒየር ክብረ ወሰን፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በአንድ ወር ውስጥ ዘጠነኛም አንደኛም፣ ሲኒየርም ጁኒየርም። ከዚያ በኋላ በዕድሜው ጁኒየር መቆየት ይችል ነበር፤ አልቆየም። በሴፕቴምበር 2022 በዓለም ላይ ማንም በውድድር ያላሳካውን ባለ አራት ዙር አክስል ዘለለ።

ለማሊኒን መቆየት የማይጠቅምበት ምክንያት ደንቡ ውስጥ አለ። ውድድሩ ሁለት ክፍል አለው፤ አጭርና ነጻ ፕሮግራም። አጭሩ በሁለቱም ደረጃ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው፤ በጁኒየር ግን ባለ አራት ዙር ዝላይ አይፈቀድበትም፤ ለብቻው የሚዘለለው ዝላይም በየዓመቱ ከላይ ታዝዞ ይመጣል። የዘንድሮው ሉትዝ ከሆነ ሉትዝ ነው፤ እኔ የሚሆንልኝ ፍሊፕ ነው ማለት አይሠራም። አራት ዙር ለሚዘል ልጅ ይህ እጅን አስሮ እንደ ማስቦቀስ ነው። በአንጻሩ ዝላይዋ ገና ላልጸና ልጅ ጁኒየር ጥሩ ጥላ ነው። ነጻው ፕሮግራም በጁኒየር 3 ደቂቃ ተኩል፣ በሲኒየር 4 ደቂቃ ነው። ግማሽ ደቂቃ ለተመልካች ምንም አይደለም፤ ሰባት ጊዜ ዘላ እግሯ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ግን ረጅም መንገድ ነው። ዳኞችም ከሲኒየር የሚጠብቁት ሌላ ነው፤ ሙዚቃውን መኖር፣ ፍጥነት ሳይጎድል መንሸራተት፣ ሜዳውን መሙላት።

የአገር ትልቅነትም ወሳኝ ነው። አንድ አገር ለዓለም ሻምፒዮና በአንድ ዘርፍ ከሦስት በላይ አይልክም። በጃፓን ሴቶች መካከል አራተኛ የወጣች ልጅ ከዓለም ምርጦች አንዷ ልትሆን ትችላለች፤ ቤቷ ግን ትቀራለች። አንድ ስኬተር ብቻ ያላት ትንሽ አገር ልጅ ደግሞ ዕድሜዋ ከፈቀደ ሁለቱንም ሻምፒዮና እየተመላለሰች ትወዳደራለች፤ ተፎካካሪ የላትማ።

ወለሉ ለምን ከፍ አለ? መልሱ አካል ውስጥ ነው። ባለ አራት ዙር ዝላይ አየር ላይ የሚቆየው ሰባት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት አራት ጊዜ ለመዞር ጠባብ ዳሌና ቀጭን ትከሻ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ጉርምስና ሲመጣ ስጦታው ይነጠቃል። ስለዚህ ልጆቹ ሳይበስሉ ወደ ላይ ይገፉ ነበር፤ ሰውነታቸው ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ ልጅ ትተካለች። ታራ ሊፒንስኪ በ1997 በ14 ዓመቷ የዓለም፣ በ1998 ናጋኖ ላይ በ15 ዓመቷ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆናለች። የ15 ዓመቱ ደንብ በ1996 ሲወጣ፣ ቀደም ብላ በዓለም ሻምፒዮና ስለተወዳደረች ነው ያለፋት። ቤጂንግ 2022 ላይ ግን ጉዳዩ መልኩን ለወጠ። በ15 ዓመቷ ሩሲያዊት በካሚላ ቫሊዬቫ ናሙና ውስጥ ትራይሜታዚዲን የተባለ የልብ መድኃኒት ተገኘ፤ ዓለም ሁሉ ዓይኑን ተክሎባት ደጋግማ እየወደቀች አራተኛ ወጣች። በኋላም የአራት ዓመት እገዳ ተፈረደባት። በዚያው ዓመት በጁን የማኅበሩ ጉባኤ ታይላንድ፣ ፉኬት ላይ ተሰብስቦ በ100 ድጋፍና በ16 ተቃውሞ ወለሉን ወደ 17 አሳደገው። በመጀመሪያ 16፣ ከ2024–25 ጀምሮ 17። ቫሊዬቫን ያጠፋው ዕድሜዋ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ደንብ የልጅን ዕድሜ እንጂ በዙሪያዋ ያሉትን አዋቂዎች አይለካም። ቢሆንም ሁለት ዓመት መጨመሩ አካል መልኩን እስኪይዝ ጊዜ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያለ ደንብ ሁሌም አንድ ሰው ጥግ ላይ ያስቀራል። የዚህኛው ጊዜ ሰው ስሟ ማኦ ነው። ማኦ ሺማዳ ኦክቶበር 30፣ 2008 ስትወለድ ስሟ ከማኦ አሳዳ ተወስዶ ተሰጣት። በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ የጁኒየር ዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ሦስት ጊዜ ይህን ያደረገች ሌላ ሴት አልነበረችም። በዲሴምበር 2024 በጃፓን የአዋቂዎች ሻምፒዮና ሁለተኛ ብትወጣም ወደ ቦስተን የዓለም ሻምፒዮና የተላኩት ሌሎች ናቸው። ለ2026ቱ ሚላን ኦሊምፒክ ጁላይ 1፣ 2025 ላይ 17 መሙላት ነበረባት፤ አራት ወር ጎደላት።

በ2023 ካልጋሪ ላይ ሺማዳ አንደኛ ስትወጣ ሦስተኛ የነበረችው አሚ ናካይ የተወለደችው በኤፕሪል 2008 ነው፤ በስድስት ወር ትበልጣታለች። ናካይ ወደ ሲኒየር በወጣች በመጀመሪያው ዓመቷ ሚላን ላይ ነሐስ አጠለቀች። ወርቁን የወሰደችው፣ በ16 ዓመቷ ስፖርቱን ትታ ሁለት ዓመት አርፋ የተመለሰችው ያቺው አሊሳ ሊዩ ናት፤ ያን ጊዜ 20 ዓመቷ ነበር። ጁላይ 1፣ 2026 ለሺማዳ ሁለቱም በሮች ይከፈታሉ። የሚቀጥለው ኦሊምፒክ በ2030 በፈረንሳይ አልፕስ ሲደርስ 21 ዓመት ይሆናታል። የስሟ ባለቤት ቫንኩቨር ላይ በመጨረሻ ለኦሊምፒክ በቅታ ብር ስትወስድ 19 ነበረች።