እቁብ ይሠራል፣ ዘፈን ያስለምዳል



ምንጫችሁ ኩልል ያለ ነው እንበል። ታዲያ ልጆቻችሁን ተቅማጥ የሚይዛቸው ከየት መጥቶ ነው? መንገዱ ብዙ ነው። ሜዳ ላይ የተጣለ ዐይነ ምድር በዝናብ ታጥቦ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ዝንብ በእግሯ ይዛው እንጀራው ላይ ታርፋለች። ያልታጠበ እጅም ወደ አፍ ያደርሰዋል። ትራኮማ የሚባለውን፣ ዐይን የሚያጠፋውን በሽታ የምታዛምተው ዝንብም የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነው።

ይኽን ነገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ከ16ቱ ትምህርቶቻቸው 7ቱ የንጽሕና ነበሩ። እንግዲህ አልሰማንም አይባልም። የቀረው ሁለት ነገር ነው፤ ገንዘብና ልማድ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ጉድጓዱ በደቦ ይቆፈራል። ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ግን ብር ይጠይቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ለምሳሌ 12 ጎረቤቶች በየወሩ 200 ብር እቁብ ቢጥሉ 2,400 ብር ይሆናል። ዕጣ የወጣለት ሰው መጸዳጃ ቤቱን ይሠራል። በዓመቱ 12ቱም ይደርሳቸዋል። ወለድ የለበትም። ብሩ ለድግስ እንዳይውል ግን ዕቃው በእቁቡ ዳኛ ፊት ይገዛ።

የእጅ ፓምፕ ያላችሁም አስቡበት። ፓምፑ ሲተከል እልል ይባላል። ሲበላሽ መለዋወጫ መግዣ ከሌለ ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ስለዚህ የውኃ ኮሚቴው ፓምፑ ደኅና ሳለ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይሰብስብ፣ በቁጠባ ደብተርም ያስቀምጥ።

በ1988 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 40 ከወጣ ወዲህ የብድርና ቁጠባ ተቋማት ወደ ገጠር ገብተዋል። መበደር ካሰባችሁ ወለዱ ስንት ነው፣ ክፍያው መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። መጸዳጃ ቤት እንደ ደለበ በሬ አይሸጥም፤ ከምን እንደምትከፍሉ አስቀድማችሁ አስሉ። አሁን ማንበብ ችላችኋል። ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ።

ልማዱስ?

መጸዳጃ ቤት ተሠርቶ የገለባ ማስቀመጫ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብር ቤቱን ይሠራል እንጂ ሰው አያስገባበትም። በስብሰባ የተነገረ ይረሳል፤ በዜማ የተነገረውን ግን እረኛው ሳይቀር ይዞት ይዞራል። አዝማሪ ካለ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ምንጩ ይምጣ። በደቦ ቀን አንዱ ያውጣ፣ ሌላው ይቀበል። ግጥሙን ራሳችሁ ግጠሙ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ከመጸዳጃ መልስ፣ ከእንጀራው በፊት፣
አመድና ውኃ ለእጅ ነው መድኃኒት።

ልጆችም አጭር ጨዋታ ያሳዩ፤ ዝንቢቱ ከሜዳ ተነሥታ ወደ ሙሽሮች ማዕድ ስትገባ። የጎረቤት ስም እየጠራችሁ ግን አትሳደቡ። ያፈረ ይሸሻል፣ የሳቀ ይመጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ጉድጓዱ ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩም በታች በኩል ይሁን።

2. የጉድጓዱ አፍ ሁልጊዜ ይከደን።

3. በሩ አጠገብ ውኃ ያለበት ጄሪካን ይሰቀል፤ ሳሙና፣ ሳሙና ከሌለም አመድ ይቀመጥ።

4. የመጠጥ ውኃ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። እጅ የነካው ኩባያ አይጠለቅበት።

5. የእቁቡን መዝገብ ዘንድሮ ፊደል የቆጠረች እናት ትያዝ። የከፈለውንም ያልከፈለውንም ትጻፍ፤ በየወሩም በጉባኤ ፊት ታንብበው።