እውነት ወይስ ተረት? ኦሮራ ውስጥ ስለ እንግሊዝኛ የሚወራው

ዴንቨርና ኦሮራ ውስጥ ሀበሻ ሦስት ሆኖ ቡና ከያዘ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ እንግሊዝኛ ላይ ማረፉ አይቀርም። «እንዲህ ብለህ እንዳትጽፍ፣ ይጥሉሃል»፣ «እንደዚያ ብለሽ እንዳትናገሪ፣ ይስቁብሻል» ይባላል። ከምክሩ ገሚሱ አገር ቤት ከእንግሊዝኛ መምህር የተወረሰ ነው፤ ገሚሱን ደግሞ ቀድሞ የመጣው ለአዲስ መጤው ያወረሰው ነው። የሚገርመው ሌላ ነው። በጣም የምንፈራው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ምንም አያመጣም፤ ዋጋ የሚያስከፍለውን ግን የሚነግረን የለም።

«ሲቲዝንሺፕ ፈተና ላይ አንድ የግራመር ስሕተት ከተገኘብህ ወደቅክ»

ተረት ነው፤ ከሁሉም በላይ ሰው ያስፈራራውም ይኸው ተረት ነው። ግሪን ካርዳቸውን ይዘው፣ ጊዜው ደርሶላቸው፣ «ግራመሬ ደካማ ነው» እያሉ ማመልከቻውን ከዓመት ዓመት የሚያሻግሩ ሰዎች አሉ። የዴንቨር አካባቢ አመልካች ለቃለ መጠይቅ የሚቀርበው ሴንቴኒያል ከተማ በሚገኘው የኢሚግሬሽን ቢሮ ነው። እዚያ ኦፊሰሩ እንዲያነቡ እስከ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያቀርብልዎታል፤ እንዲጽፉም እስከ ሦስት ይነግርዎታል። ከየሦስቱ አንዱን በትክክል መወጣት ይበቃል። መመዘኛው ደግሞ በጽሑፍ የወጣ ነው። ትርጉሙ እስካልተዛባ ድረስ የሰዋስውና የስፔሊንግ ግድፈት፣ የትልቅና የትንሽ ፊደል መምታታት፣ የነጥብ መረሳት፣ የአንዲት አጭር ቃል መዘለል አይጥልም። ስናነብ አነጋገራችን ሀበሻ ሀበሻ ማለቱም አይጥልም።

የሚጥለው ሌላ ነው፦ ከተነገረው የተለየ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ጽፎ መተው፣ ጨርሶ የማይነበብ ጽሕፈት፣ በሙሉ የተነገረን ቃል በምሕጻረ ቃል ማሳጠር። የመጨረሻዋን ልብ ይበሉ፤ «ዩናይትድ ስቴትስ» ሲባል «ዩ ኤስ» ብሎ መገላገል ብዙዎቻችን የለመድነው ነገር ነው።

ለንግግር ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ፈተናም የለም። ኦፊሰሩ ከማመልከቻዎ ላይ እያነሣ ሲጠይቅዎ በሚሰጡት መልስ ነው የሚመዘኑት። ካልገባዎት እንዲደግምልዎ ይጠይቁት፤ መድገምና ጥያቄውን በሌላ አባባል ማቅረብ ሥራው ነው። ቢወድቁ እንኳ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በወደቁበት ክፍል ብቻ እንደገና ይፈተናሉ።

«ደግሞ ‹የስ›ና ‹ኖ› ማን ይጠፋዋል?»

እኛ ይጠፋናል። በአማርኛ «ታስረው አያውቁም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ካለ፣ «አዎ፣ ታስሬ አላውቅም» ማለቱ ነው። የእኛ «አዎ» የጠያቂውን አባባል ያጸድቃል። እንግሊዝኛ ግን ጠያቂው እንዴት እንደጠየቀ ግድ የለውም። ነገሩ ከሆነ «የስ»፣ ካልሆነ «ኖ» ነው፤ ጥያቄው በአሉታ ቢመጣም በአዎንታ ያው ነው። ስለዚህ «ዩ ሃቭ ኔቨር ቢን አሬስትድ?» ለሚል ጥያቄ «የስ» ብሎ ዝም ያለ ሰው፣ ንጹሕ መሆኑን የተናገረ እየመሰለው ኦፊሰሩን ግራ አጋብቶ ይቀመጣል። ደግ ኦፊሰር መልሶ ይጠይቃል። ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው፤ ነርሷ «ኖ አለርጂስ?» ስትል «የስ» ያለ ታካሚ ቀጥሎ የሚመጣበት ጥያቄ «ለየትኛው መድኃኒት?» የሚል ነው።

ይህ የትምህርት ማነስ አይደለም። ጃፓኖችና ኮሪያውያንም ልክ እንደ እኛ ነው የሚመልሱት። አገር ቤት ሦስተኛውን ዓይነት «ኮንዲሽናል» እንደ ዳዊት ደግመናል፤ ለዚህች ነገር ግን የግማሽ ክፍለ ጊዜ ትምህርት እንኳ የተሰጠው ስንቱ ነው? መድኃኒቷ ደግሞ ቀላል ናት። ቃሏን ብቻዋን አይተዋት፣ ግሡን ያስከትሉላት፦ «ኖ፣ አይ ሃቭ ኖት»፣ «ኖ፣ አይ ዶንት»። ግሡ ከተከተለ የሚያምታታ ነገር አይኖርም።

«የእኛ ችግር አክሰንት ነው»

ግማሽ እውነት። የድምፃችን ቃና ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ የትኛዋን ቃል ረግጠን እንደምንናገር ላይ ነው፤ ለዚህ «ካን» የምትባለዋን ቃል የሚያህል ምስክር የለም። ሥራ ላይ «አይ ካን ወርክ ሳተርዴይ» ስንል «ካን»ን በደንብ እንረግጣታለን። አሜሪካዊው መቻሉን ሲናገር ግን ቃሏን ይውጣታል፤ «አይ ክን ወርክ» ያለ ነው የሚመስለው። ረግጦ የሚያወጣት አለመቻሉን ሲናገር ነው፤ በዚያን ጊዜም መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» አብዛኛውን ጊዜ በቅጡ አትሰማም። እንግዲህ «ቅዳሜ እችላለሁ» ያልነው ሰው «ቅዳሜ አልችልም» ሰምቶ ሺፍቱን ለሌላ ይሰጣል፤ እኛም «ዘረኛ ነው» ብለን እናማዋለን። አንዳንዱ ዘረኛ ይሆን ይሆናል፤ ይኼኛው ግን የሰማውን ነው የሠራው። «ካን»ን ዋጥ፣ «ወርክ»ን ረገጥ ማድረግ ነው። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»ም የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው፤ አሥራ አምስቱ መጨረሻው ላይ፣ ሃምሳው መጀመሪያው ላይ ይረገጣል።

«ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አይዘጋም፤ በ‹ቢኮዝ›ም አይጀመርም»

ሁለቱም ተረት። የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ባለቅኔው ጆን ድራይደን በ1672 ቤን ጆንሰንን በዚህ ነቀፈው፤ ጆንሰን ከሞተ 35 ዓመት ሆኖት ነበርና መልስ የሚሰጥ አልነበረም። በላቲን መስተዋድድ መጨረሻ ላይ ስለማይቀመጥ እንግሊዝኛም እንደ ላቲን ይሁን ከሚሉት ጋር ነገሩ ገጠመ። በ1762 ዝነኛ የሰዋስው መጽሐፍ ያወጣው ጳጳስ ሮበርት ሎውዝ አባባሉ ለተከበረ ጽሑፍ አይመጥንም ሲል፣ ያንኑ ሲያብራራ ራሱ አንዱን ሐረግ በመስተዋድድ ዘጋው። «ቢኮዝ»ን ደግሞ መምህራን የከለከሉት ሕፃናት ምክንያቱን ብቻ ጽፈው ዋናውን ሐሳብ አንጠልጥለው ስለሚተዉት ነው። ዋናው ሐሳብ ተከትሎ እስከመጣ ድረስ ጀምሩበት።

«አሜሪካኖች እንግሊዝኛን አበላሹት» የሚለውም ተረት ነው። አንዳንዱ እንግሊዞች የጣሉት አሮጌ አነጋገር እዚህ ነው የቀረው፤ «ጋትን» የሚለው ግሥ አንዱ ነው። ኖኅ ዌብስተር በ1828 ባወጣው መዝገበ ቃላት የጸኑት የአጻጻፍ ለውጦችም የታሰበባቸው ነበሩ።

«ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ቃላት የሚያምታታ እንግሊዝኛ አያውቅም»

ተረት። «የእነሱ»፣ «እዚያ» እና «እነሱ ናቸው» የሚሉት ሦስቱ የእንግሊዝኛ አገላለጾች ሲነገሩ ሦስቱም «ዜር» ናቸው፤ የሚለያቸው አጻጻፍ ብቻ ነው። እዚሁ የተወለደው አሜሪካዊም ያምታታቸዋል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» የሰው ወሰደ፤ «ድኅነት» መዳን፣ «ድህነት» ማጣት። ስንቶቻችን ነን ለይተን የምንጽፈው? ለሥራ ማመልከቻ ሰው ያርምልዎት፤ በቴክስት ላይ ግን አይጨነቁ።

ከዚህ ይልቅ ድምፃቸው ተለያይቶ ሳለ በአማርኛ አንድ የሚሆኑብን ቃላት ናቸው የሚጎዱን። «ባይ ፍራይዴይ»ም «አንቲል ፍራይዴይ»ም በእኛ «እስከ ዓርብ» ነው። የፊተኛው «ከዓርብ ሳያልፍ ጨርስ»፣ የኋለኛው «እስከ ዓርብ ድረስ ቀጥል» ነው። ለአለቃ «አንቲል ፍራይዴይ እጨርሳለሁ» ማለት አያስኬድም።

«ባይዊክሊ»ንም እንመልከት። ቃሉ ራሱ ለእንግሊዞቹም መንታ ነው፤ መዝገበ ቃላት «በሳምንት ሁለቴ»ም «በሁለት ሳምንት አንዴ»ም ይለዋል። ደመወዝ ላይ ሲመጣ ግን በየሁለት ሳምንቱ ማለት ነው፣ በዓመት 26 ቼክ። «ሰሚመንዝሊ» ደግሞ በወር ሁለቴ ነው፣ በዓመት 24 ቼክ። እኛ ሁለቱንም «በወር ሁለቴ» እንላቸዋለን። አፓርትመንት ሊከራይ የሄደ ሰው በየሁለት ሳምንቱ 1,500 ዶላር የሚያገኝ ከሆነ፣ በሁለት አባዝቶ የወር ገቢዬ 3,000 ነው ብሎ ይሞላል። ትክክለኛው 1,500 በ26 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል የሚመጣው 3,250 ነው። ገቢህ የኪራዩን ይህን ያህል እጥፍ ይሁን በሚባልበት ከተማ 250 ዶላር ቤት ያሳጣል።

«ለከባድ መኪና ሾፌር ጂፒኤስ ካለ እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል?»

ድሮም ተረት ነበር፣ አሁን ደግሞ አደገኛ ተረት ሆኗል። የፌዴራሉ ደንብ አዲስ አይደለም፤ በ2016 ግን በእንግሊዝኛ ማነስ ብቻ ሾፌር ከመንገድ እንዳይወርድ ተደርጎ ነበር። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ያ ተሽሯል፤ ፍተሻ ላይ መግባባት ያቃተው ሾፌር መኪናውን እዚያው ያቆማል። ደንቡ የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፦ ከሰው ጋር መነጋገር፣ የመንገድ ምልክት ማንበብ፣ ለተቆጣጣሪ መመለስ፣ መዝገብ መሙላት። የግሥ እርባታ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የሚለማመድ ሰው ከግራመር መጽሐፍ ይልቅ የመንገድ ምልክቶችንና ተቆጣጣሪ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ይለማመድ፦ ከየት መጣህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ሰዓት ነዳህ።

«እናቴ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ዜጋ መሆን አይችሉም»

ይህንን ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ቤት ስለማውቀው ነው። ተረት ነው። ማመልከቻው በሚገባበት ቀን ዕድሜያቸው 50 ሞልቶ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት የኖሩ ሰዎች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናቸው። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአስተርጓሚ በአማርኛ ይመልሳሉ። 65 ሞልቷቸው 20 ዓመት የኖሩት ደግሞ የሚያጠኑት 20 ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከዚያ 10 ተጠይቀው 6 ከመለሱ አለፉ። በዲቪ በ1990ዎቹ ዴንቨር የገባ ሰው ብዙ ነውና፣ ይህ የሚመለከታቸው እናትና አባት በየቤቱ አሉ።

ዛሬ ማታ የእናትዎን ግሪን ካርድ ያውጡና «ሬዚደንት ሲንስ» ከሚለው አጠገብ ያለውን ቀን ይመልከቱ። ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ሊሞላ ጥቂት ወራት ከቀረው ሳይሞላ አያስገቡ።