ያውቁ ኖሯል? ፈረስ፣ አህያና ሰንጋ

ሰንጋ ተራ ዛሬ ሰንጋ አይነዳበትም። ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፈር የባንክና የኢንሹራንስ ፎቆች የተደረደሩበት ነው፤ በ2009 ዓ.ም ዕጣ ከወጣባቸው የመጀመሪያዎቹ የ40/60 ኮንዶሚኒየም ሳይቶችም አንዱ እዚሁ ነው። በምሳ ሰዓት ከፎቆቹ የሚወርደው ሠራተኛ ግን አሁንም ክትፎና ጥብስ ፍለጋ ነው የሚወጣው። ዓመት በዓል በተቃረበ ቁጥር ደግሞ «የአህያ ሥጋ ሲሸጥ ተያዘ» የሚል ወሬ ከተማውን ያዳርሳል። ወሬው ይቆየንና እውነቱን እናውጋ።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት መካከል ግመል፣ ጥንቸልና እርያ በስም ተጠርተዋል። ፈረስና አህያ ግን ስማቸው የለም! ሁለቱም የወደቁት በመመዘኛው ነው። የሚበላ እንስሳ ሰኮናው ስንጥቅ መሆን አለበት፤ ማመስኳትም አለበት። ፈረስ አንዱንም አያሟላም። ግመል ቢያንስ ያመሰኳል።

በእስልምና የቤት አህያ ሥጋ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ተከልክሏል። በፈረስ ላይ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀቦች ይፈቅዱታል፣ ሌሎቹ ይጠሉታል ወይም ይከለክሉታል። የሻፊዒ መዝሀብ በሰፈነበት በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ግመል እየታረደ ይበላል፣ ፈረስ ግን ወደ ማዕድ አይቀርብም። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በሃይማኖት ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ታዲያ ሌላው ምክንያት ምን ይሆን? የእኔ ግምት የፈረስ ስም ነው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለው የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። ጌታውን በስሙ የሚያስጠራ እንስሳ እንዴት ተብሎ ይጠበሳል?

በአዊ ዞን ይህ ክብር ዛሬም አልደበዘዘም። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ያጌጡ ፈረሶችን አሰልፎ በዓሉን ያከብራል፤ የዐድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል።

ግን ደግሞ ረኃብ ክብር አያውቅም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም በዘለቀው ክፉ ቀን ሰው ፈረስና አህያ እስከ መብላት ደርሶ ነበር። መነሻው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነው፤ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጥቶ የአገሪቱን ከብት ጨርሶ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ፈጀው። የሚያርስ በሬ ጠፍቶ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስከ መቆፈር ደርሰዋል። በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 ነው።

በአውሮፓም ፈረስ መብላት የተከለከለበት ጊዜ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ732 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ሦስተኛ ለሚስዮናዊው ቦኒፋስዮስ በጻፉት ደብዳቤ ድርጊቱን አውግዘው እንዲቆም አዘዋል። ፈረንሳይ በዚያው አቆጣጠር በ1866 ፈቀደችው። የጃፓኗ ኩማሞቶ የፈረስ ሥጋን በስሱ ቆርጣ በጥሬው ትበላለች፤ ካዛኮች ደግሞ ቋሊማ ይሠሩበታል። ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የሚወድ የአዲስ አበባ ሰው ኩማሞቶ ቢሄድ አበላሉ አይገርመውም፤ እንስሳውን ሲነግሩት ነው ጉድ የሚፈላው።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሌት። ጥር 7 ቀን 2005 ዓ.ም የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን «የበሬ ሥጋ» ተብለው የሚሸጡ 27 የበርገር ዓይነቶችን በዲኤንኤ መርምሮ ውጤቱን ይፋ አደረገ። በ10ሩ ውስጥ ፈረስ ተገኘ፤ በ23ቱ ውስጥ አሳማ። በአንዱ በርገር ከሥጋው 29 በመቶው ፈረስ ነበር። ወዲያው በቀጣዩ ወር ብሪታንያ ውስጥ ከተመረመሩ 18 የላዛኛ እሽጎች በ11ዱ ከ60 እስከ 100 በመቶ የፈረስ ሥጋ ተገኘ።

የሚገርመው የሥጋው ጉዞ ነው። ሥጋው ከሩማንያ ቄራ ሲወጣ «ፈረስ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። በአንድ የደች ነጋዴ እጅ አልፎ ኔዘርላንድስ ውስጥ ቀዝቃዛ መጋዘን ገባ። ከዚያ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ወደ ሉክሰምበርግ ፋብሪካ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ ማቀዝቀዣ። በመንገድ ላይ ፈረሱ በሬ ሆነ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ማለት ይኸው ነው። ነጋዴውን የፓሪስ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም በሁለት ዓመት እስራት ቀጣው። እንግሊዞች የተቆጡት ፈረስ በመብላታቸው ነበር፤ ፈረንሳዮች ግን በመታለላቸው። እኔ ከፈረንሳዮቹ ጋር ነኝ፤ የሚበላውን መምረጥ የበላተኛው መብት ነው።

ልብ ይበሉ፣ በርገሩም ላዛኛውም የተፈጨ ሥጋ ነበር። ሙሉ ብልት አድርጎ ፈረስን በሬ ነው ብሎ መሸጥ ቀላል አይደለም። ሰውነቱ ያጋልጣል።

በሬ 13 ጥንድ የጎድን አጥንት ሲኖረው ፈረስ 18 ጥንድ አለው። አገርኛው በሬ ሻኛ አለው፤ ፈረስም አህያም ሻኛ የላቸውም። ስለዚህ ጥሩ ሻኛ እየቆረጠ የሚሰጥዎ ሥጋ ቤት ቢያንስ በዚህ አያታልልዎትም። የበሬ ምላስ ሻካራና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ የፈረስ ምላስ ለስላሳና ጫፉ ሰፋ ያለ። በሬ ባለ አራት ክፍል ሆድ ስላለው ጨጓራና ሰምበር ይወጣዋል፤ የፈረስ ሆድ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፈረስ ሐሞት የለውም! ጉበቱ ሥር ቢፈለግ የሐሞት ከረጢት አይገኝም። ዐድዋ ድረስ የጋለበው እንስሳ ሐሞት የለሽ መሆኑ ትንሽ ያስቃል።

ሥጋው ራሱ ደግሞ ጠቆር ይላል፤ ግላይኮጅን የተባለው ስኳር ስለሚበዛበትም ጣፈጥ ይላል። ጮማው ቢጫና ለስላሳ ነው። ነገር ግን ቢጫ ጮማ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሣር ሲግጥ የኖረ ያረጀ ከብትም ጮማው ቢጫ ነው። የተፈጨ ሥጋ በንጥር ቅቤ፣ በኮረሪማና በሚጥሚጣ ከታሸ በኋላ ደግሞ ምላስ መዳኘቱን ይተዋል። ዲኤንኤ ግን የተቀቀለውንም ይለያል።

ከሁሉ የሚልቀው የሥጋ ዋስትና የቱ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ቅርጫ። ሰንጋው በቁሙ ታይቶ፣ ጥርሱ ተፈትሾ፣ ሻኛው ተዳብሶ ይገዛል። በማለዳ ሁሉም ባለበት ይታረዳል። ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል፤ ለእያንዳንዱ መደብ ከጎድኑም፣ ከዳቢቱም፣ ከሽንጡም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ይደርሰዋል። ከዚያ ባለድርሻው ሁሉ አንዳንድ ነገር ያዋጣል፤ ቁልፍ፣ እስክሪብቶ፣ መታወቂያ። ድልድሉን ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ አንዳንዱን ይጥላል፤ ያ ዕጣ ነው። ማጉረምረም አይከለከልም፣ «ሥጋው የምን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለእርድና ለድግስ የሚሆን የጋራ ኮሚናል ቤት በግቢው እንዲኖር የተደረገውም ለዚሁ ነው።

በሥጋ ላይ ምልክት ማድረግን እኛ ከፈረንጅ አልተማርንም። በየሥጋ ቤቱና በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ያለው መስቀል ወይም ጨረቃ ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ይናገራል። በፈረንሳይም የፈረስ ሥጋ ቤት የሚታወቀው ከደጁ በላይ በሚሰቀለው በወርቅ ቀለም የተቀባ የፈረስ ራስ ነው። በ1949 ዓ.ም የተቋቋመው የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅትም የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን እርድ ለየብቻ ያካሂዳል።

ወደ አህያ ስንመለስ፣ በ2009 ዓ.ም ቢሾፍቱ ላይ በቻይና ኩባንያ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሥራ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ በነዋሪው ቅሬታ ተዘጋ። ሥጋውም ቆዳውም ወደ ውጭ እንዲላክ ነበር የታሰበው። ግን ቢሾፍቱ በጋሪ ፈረስና በጭነት አህያ የምትኖር ከተማ ናት፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ያለው እዚያው ነው። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያላት አገርም ኢትዮጵያ ናት። ቆዳው የሚፈለገው ቻይኖች ኢጂያኦ ለሚሉት መድኃኒት ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም፣ ከሰንጋ ተራ ብዙም በማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የተሰበሰቡ መሪዎች አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲከለከል ወስነዋል።

 

የመጨረሻው። የአዲስ አበባ ሰው የሚፈራው አህያን ነው፤ የሚያሳምመው ግን በሬ ነው። የኮሶ ትል የሚተላለፈው በትክክለኛ፣ ምንም ባልተጭበረበረ የበሬ ጥሬ ሥጋ ነው። በንጉሡ ዘመን የወጣው የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 የመጣው ለእንዲህ ያለው አደጋ ነው። መርማሪው የበሬውን የመንጋጋ ጡንቻ፣ ምላሱንና ልቡን በቢላ ሰንጥቆ የትሉን ዕጭ ይፈልጋል፤ ያለፈው ሥጋ ማኅተም ይመታበታል። በጓሮ የታረደ ሥጋ ይህን ሁሉ አላየም፤ እውነተኛ ሰንጋ ቢሆንም እንኳ።

ስለዚህ ሥጋ ቤት ሲገቡ «ማኅተሙ የታለ?» ብለው ይጠይቁ። ቆራጩ ካኮረፈ ሌላ ሥጋ ቤት ይሂዱ።