ዓለማየሁ ገዳ

ዓለማየሁ ገዳ ኢትዮጵያዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ፕሮፌሰር ናቸው። በይበልጥ የሚታወቁት በማክሮ ኢኮኖሚ፣ በዓለም አቀፍ ንግድና በአፍሪካ የውጭ ዕዳ ላይ ባካሄዷቸው ጥናቶች ነው።

ትምህርትና ሥራ

የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በኔዘርላንድስ፣ ዘ ሄግ ከሚገኘው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 «ፋይናንስና ንግድ በአፍሪካ» የተሰኘ ርዕስ ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል። በዚህ ሥራቸው የአፍሪካ የዕዳ ችግር ከንግዱ ተነጥሎ ሊታይ እንደማይችል ያስረዳሉ። አገሮቹ እንደ ቡናና ማዕድን ያሉ ጥቂት ጥሬ ምርቶችን ስለሚሸጡ፣ የዓለም ዋጋ ሲወድቅ የውጭ ምንዛሪ ያጥራቸዋል፤ ጉድለቱን ለመሙላትም ይበደራሉ። የዚህ ጥገኝነት መሠረት በቅኝ ግዛት ዘመን የተጣለ መሆኑንም ያመለክታሉ።

የቀጣናዊ ንግድ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2008 ከኃይሌ ክብረት ጋር ያሳተሙት ጥናት የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያን (ኮሜሳ) ይመለከታል። የተጠቀሙት «የስበት ሞዴል» የሚባለውን ስልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የኔዘርላንድሱ ያን ቲንበርገን ለንግድ ጥናት ያዋለው ይህ ሞዴል፣ ሁለት አገሮች ኢኮኖሚያቸው ትልቅ በሆነና በተቀራረቡ ቁጥር የበለጠ ይገበያያሉ ይላል።

እዚህ ላይ ርቀት ሲባል ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣ ወጪንም ይወክላል። ለምሳሌ የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ ከዚያም በሁርሶ በኩል አልፎ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ በከተማዋና በወደቡ መካከል ያለው መንገድ አላጠረም፤ ዕቃ ለማድረስ የሚጠይቀው ጊዜና ድካም ግን ቀነሰ።

በጥናቱ ውጤት መሠረት በአባል አገሮች መካከል ያለውን ንግድ በአብዛኛው የሚያብራሩት እነዚህ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። የቀጣናዊ ማኅበር አባል መሆን በራሱ ጉልህ ለውጥ አላመጣም። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከል የፖለቲካ ቁርጠኝነት ማነስ፣ አንድ አገር በአንድ ጊዜ የበርካታ ማኅበራት አባል መሆኑ፣ የምርት ዓይነት ማነስና የግሉ ዘርፍ ደካማ ተሳትፎ ይገኙበታል።

ሌሎች ሥራዎች

በዚያው ዓመት ከሌላ ተመራማሪ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የቻይናና የህንድ ፈጣን ዕድገት ለአፍሪካ የፋብሪካ ምርት እርግማን ነው ወይስ በረከት የሚለውን ጥያቄ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከኬንያዊው ንጁጉና ንዱንጉና ከዳንኤል ዘርፉ ጋር የኢኮኖሜትሪክስ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል።

ፋይዳ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት በኪጋሊ ተፈርሟል። በኮሜሳ ላይ የተካሄደው ጥናት ለዚህም ስምምነት ትምህርት ይሰጣል፤ ቀረጥ ቢነሳም የሚሸጥ ልዩ ልዩ ምርትና ርካሽ መጓጓዣ ከሌለ ንግዱ በፊርማ ብቻ አያድግም።