የክረምት ጎተራና የነፍሰ ጡሯ ማዕድ

የግብርና ሪፖርቶቻችን በኩንታል ይጀምሩና በኩንታል ያበቃሉ። ስንት ሄክታር ታረሰ፣ ስንት ኩንታል ተሰበሰበ ይባላል። ነፍሰ ጡሯ አርሶ አደር በሐምሌና በነሐሴ ምን በላች የሚለው ጥያቄ ግን ለጤና ባለሙያዎች ይተዋል። ጥያቄው የግብርናም የገበያም ነውና እዚያ ብቻ ሊቀር አይገባም።

ከገበያው እንጀምር። በመኸር አብቃይ አካባቢዎች ገበሬው ምርቱን እንደሰበሰበ የማዳበሪያ ዕዳና ግብር ይጠብቀዋል። ስለዚህ እህሉን ዋጋው በወረደበት ሰሞን ይሸጣል። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲሟጠጥ ያንኑ እህል በተወደደ ዋጋ መልሶ ይሸምታል። የነፍሰ ጡሯ የጓሮ እንቁላልና ቅቤም ለጨውና ለዘይት መግዣ ወደ ገበያ ይወጣሉ። ማዕዱ በሳሳበት በዚህ ወቅት አረሙ ይደርሳል፤ የአረም ሥራ ደግሞ በብዛት የሴቶች ነው። ይህ ጊዜ ከእርግዝና የመጨረሻ ወራት ጋር ከገጠመ ጽንሱ ክብደት በሚጨምርበት ሰዓት ይጎዳል።

ወቅቱ ምን ያህል እንደሚወስን የጋምቢያ ገጠር ያሳየናል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአምስት ዓመት ጥናት ለነፍሰ ጡሮች ከኦቾሎኒ የተሠራ ኃይል ሰጪ ብስኩት አድሎ ነበር። በረሃብ ወቅት የተወለዱት ሕፃናት ክብደት በአማካይ በ201 ግራም ጨመረ፤ በአዝመራ ወቅት የተወለዱት ግን በ94 ግራም ብቻ። ለተመሳሳይ ድጋፍ ከእጥፍ በላይ ውጤት ያመጣው የደረሰበት ወር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አፈሩ ነው። በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ከማሳ የተወሰዱ የእህል ናሙናዎችን የመረመረና በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ በእህሉ ውስጥ ያለው የዚንክና የሴሊኒየም መጠን ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። ከገዛ ማሳዋ ለምትመገብ እናት የአፈሩ ድህነት የእሷም የጽንሷም ድህነት ይሆናል። ሆዷ ቢሞላም ጉድለቱ አይሞላም።

ኪሳራው ለአገር ይተርፋል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ መቀንጨር ደግሞ ብዙ ጊዜ በማህፀን ይጀምራል። በአፍሪካ ኅብረት የተመራ ጥናት የሕፃናት የምግብ እጥረት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ኢትዮጵያን 55.5 ቢሊዮን ብር እንዳሳጣት አስልቷል። ይህም ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 16.5 በመቶ ነው። ገንዘቡ የሚባክነው በሕክምና፣ ክፍል በሚደግሙ ተማሪዎችና በጎልማሳነት በሚቀንስ የሥራ አቅም ነው።

መፍትሔው እጃችን ላይ ካሉ መሣሪያዎች ይጀምራል። የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነፍሰ ጡሮችን ከጉልበት ሥራ ነፃ አድርጎ ድጋፉን ይቀጥልላቸዋል፤ ክፍያው ጎተራው ከመሟጠጡ በፊት እጃቸው ሊገባ ይገባል። የማዳበሪያ ብድር መመለሻ ከአዝመራው ማግስት ቢርቅ፣ ገበሬውም እህሉን መጋዘን አስቀምጦ በደረሰኙ ቢበደር በርካሽ ለመሸጥ አይገደድም። ዚንክ በጎደለበት ወረዳም ማዳበሪያው ዚንክ ይኑረው።

መንግሥት በ2015 (እ.ኤ.አ.) በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 (እ.ኤ.አ.) ለማስቆም ቃል ገብቷል። ቃሉን ለመለካት ጤና ጣቢያዎች የሚመዘግቡት የልደት ክብደት በየወሩ ተለይቶ በወረዳው የግብርና ሪፖርት ከኩንታሉ ጎን ይቀመጥ። በመስከረም የሚወለዱት በጥር ከሚወለዱት ቀልለው ከተገኙ፣ መልስ መስጠት ያለበት የግብርና ጽሕፈት ቤቱም ነው።