ስለ «ፔቲዮል» ትርጓሜና አመጣጥ

በዕፀዋት ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ «ፔቲዮል» የሚባል ቃል በየጊዜው ይገኛል። ቃሉ የሚያመለክተው የቅጠሉን ሰፊ ገጽ ከግንዱ ወይም ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያይዘውን ቀጭን ክፍል ነው። ይህም ክፍል ውሃን ወደ ቅጠሉ፥ በቅጠሉ የተዘጋጀውንም ምግብ ወደ ሌላው የተክል አካል ያስተላልፋል፤ ቅጠሉንም ወደ ብርሃን ያቀርበዋል። ታዲያ በአማርኛ ምን ሊባል ይገባዋል? ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ የቃሉን አመጣጥ መመርመር ይጠቅማል።

በላቲን ቋንቋ «ፔስ» ማለት እግር ሲሆን፥ «ፔቲዮሉስ» ማለት ትንሽ እግር ነው። በመጀመሪያው ምዕት ዓመት የነበረው የሮማ የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላ በዚህ ስም የጠራው ፍሬ የሚንጠለጠልበትን ክፍል ነበር። በኋላ ግን የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1751 ዓ.ም. ባሳተመው «ፊሎሶፊያ ቦታኒካ» በተባለው መጽሐፉ፥ «ፔቲዮሉስ» የሚለውን ለቅጠል ብቻ ወሰነው። አበባንና ፍሬን ለሚሸከመው ክፍል ደግሞ «ፔዱንኩሉስ» የሚለውን መደበለት። ይህም ቃል ከዚያው ከ«እግር» የተገኘ ነው። እንግዲህ ቃሉን የሙያ ቃል ያደረገው ትርጓሜው ሳይሆን የተሰጠው ወሰን መሆኑን እናስተውላለን።

ወሰኑ ለምን እንደሚያስፈልግ የኮሶን ዛፍ በማየት መረዳት ይቻላል። የኮሶ ቅጠል ከሩቅ ሲታይ ብዙ ቅጠሎች የተሰለፉበት ቅርንጫፍ ይመስላል። ነገር ግን ቅጠል ከቅርንጫፍ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን አዲስ ቀንበጥ የሚወጣበት ዓይን ይገኛል፤ ማዕዘኑም «አክሲል» ይባላል፥ በላቲን «አክሲላ» ማለት ብብት ነውና። በትንንሾቹ የኮሶ ቅጠሎች ሥር ዓይን የለም፤ የሚገኘው በመላው ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ መላው አንድ ቅጠል ነው።

ደግሞም ቅጠል ሁሉ እግር የለውም። የጤፍና የስንዴ ቅጠል ታችኛው ክፍል እንደ ሰገባ አገዳውን ይጠቀልለዋል። ነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ሳለ ቅጠሎቹ ያለ እግር ጥንድ ጥንድ ሆነው ከግንዱ ጋር ይጣበቃሉ፤ ሲያድግ ግን ማጭድ የሚመስሉ ቅጠሎች እግር አውጥተው ይንጠለጠላሉ። ይህን ያላወቀ ሰብሳቢ አንዱን ዛፍ ሁለት ዓይነት አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል።

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። «አገዳ» ብንል የበቆሎና የማሽላ ግንድ ስም ነው፤ «ዘንግ» ብንልም ማናቸውም በትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የቅጠል እግር»፥ ለአበባውም «የአበባ እግር»፥ ለማዕዘኑም «የቅጠል ብብት» ቢባል ቃላቱ ለጆሮ እንግዳ አይሆኑም፤ የላቲኑንም አሳብ ይጠብቃሉ። ከገበሬው አንደበት የተሻለ ቃል ቢገኝ በደስታ እንለውጠው፤ ወሰኑ ግን ከቃሉ ጋር አብሮ እንዳይለወጥ ያስፈልጋል።