ቀለም ከመቀባቱ በፊት

አዲስ የተገዛ ወንበር ዓመት ሳይሞላው ቫርኒሹ እየተላጠ ሲወርድ ባለቤቱ የሚያማርረው ቀለሙን ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጣሳው ከመከፈቱ በፊት በተዘለለው ሥራ ላይ ነው፤ እንጨቱ አልደረቀም፣ ገጹ በችኮላ ታሽቷል፣ ብናኙ አልተጠረገም። አሶሳ ላይ ደግሞ ይህ ሥራ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ረጅሙ ዝናብና ቀርከሃው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መዲና አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ዝናቡ ከግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። እንጨት በእነዚህ ወራት ከአየሩ እርጥበት እየሳበ በወርዱ ያብጣል፤ በጋው ሲገባ መልሶ ይኮማተራል። ለቤት ዕቃ የሚመረጠው የውኃ መጠኑ ከ8 እስከ 12 በመቶ ገደማ የሆነ እንጨት ነው። ከዚያ በላይ የረጠበ ሳንቃ ሲፈገፈግ ቃጫው እየተድበለበለ የብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ቫርኒሹም በደንብ አይዝለትም።

የእርጥበት መለኪያ የሌለው አናጺ ተራ ሚዛን ይበቃዋል። ከክምሩ አንድ ቁራጭ ለይቶ በየሳምንቱ ይመዝነዋል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። የክረምቱ አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ ይህ ምዘና በበጋ ቢደረግ ይመረጣል። ሳንቃው ከጣሪያ ሥር፣ ምስጥ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየድርድሩ መካከል አየር የሚያሳልፍ ቀጭን እንጨት ገብቶበት ይከመራል።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ ተራ ይመጣል። በጀርባው የተጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ወረቀቱ ሻካራ ነው። ከመላጊያ የወጣ ዋንዛ በ80 ቁጥር ተጀምሮ ወደ 120፣ ከዚያም ወደ 180 ይኬዳል። እያንዳንዱ ወረቀት የሚሠራው የቀደመው የተወውን ጭረት ማጥፋት ነው። ከ80 በቀጥታ ወደ 180 የዘለለ ሰው ሲዳስሰው የለሰለሰ ገጽ ያገኛል፤ ማቅለሚያው ሲነካው ግን ጥልቆቹ ጭረቶች ቀለሙን ይዘው ጥቁር መስመር ሆነው ብቅ ይላሉ። እጅም መሄድ ያለበት በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ነው። አግድም የተፈገፈገ እንጨት ጠባሳውን አይደብቅም።

ጉድለቱን ቀድሞ ለማየት ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛው ዕቃውን መስኮት አጠገብ አቁሞ ብርሃኑ ከጎን ገጹን እየታከከ እንዲያልፍ ማድረግ ነው፤ ከፊት ለፊት የማይታየው ስርጉድ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ሁለተኛው በውኃ ተነክሮ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ማበስ ነው። እርጥበቱ ተኝቶ የነበረውን ቃጫ ያቆመዋል፤ ሲደርቅ ያ ቃጫ በ180 ወረቀት በቀስታ ይነሣል። የፈሰሰ ኮላም ያኔ ይጋለጣል። ኮላ የነካው ቦታ ማቅለሚያ በደንብ ስለማይጠጣ፣ በሰጋቱራና በኮላ የተደፈነ ስንጥቅ ከሌላው ገጽ ተለይቶ ይታያል።

የመጨረሻው ወረቀት የሚወሰነው በሚቀባው ነገር ነው። እንጨቱን እያሳየ የሚያቀልም ማቅለሚያ ከሆነ ከ180 በላይ ማለስለስ አያስፈልግም፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰ ገጽ ቀለሙን በደንብ አይጠጣም። የሚሸፍን ቀለም ከሆነ ጉድጓዱ በስቱኮ ተሞልቶ እስከ 150 ቢታሽ ይበቃል፤ በሁለት ቅብ መካከል 220 ቁጥር ወረቀት ቀለል ተደርጎ ይሄድበታል።

ቀርከሃ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት፤ ውስጡ ክፍት የሆነው የደጋ ቀርከሃና ግንዱ ድፍን የሆነው የቆላ ቀርከሃ። የቆላው ቀርከሃ ሰፊ ደን ያለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። የግንዱ ቆዳ ሲሊካ የበዛበትና ሰም መሰል ልባስ ያለው በመሆኑ ማቅለሚያም ሆነ ቫርኒሽ ወደ ውስጥ አያስገባም። በዚህ ቆዳ ላይ በቀጥታ የተቀባ ቫርኒሽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፎ ይነሣል። ስለዚህ ቆዳው በስለት በቁመቱ ስስ ተደርጎ ይፋቃል። አንጓው ጋ ሲደረስ ስለቱ ስለሚዘል እጅ ዝግ ይላል፤ ጉብታው በ80 ወረቀት ይስተካከላል። ጠንካራው ቃጫ ከቆዳው ሥር ስለሆነ አጥልቆ መፋቅ ግንዱን ያደክመዋል፤ አንዱን ቦታ ፍቆ ሌላውን መተው ደግሞ ቀለሙን ያዥጎረጉረዋል።

ቀርከሃ ስታርች ስላለው ነቀዝ ይወደዋል። ቢያንስ 3 ዓመት የሞላው ግንድ ተመርጦ በበጋ ይቆረጣል፤ በቦሪክ አሲድና በቦራክስ ውሕድ ይነከራል፤ ከዚያ ይደርቃል። ይህ ሁሉ ከቫርኒሹ መቅደም አለበት፤ አንዴ የተዘጋ ገጽ መድኃኒቱን አያስገባም።

ለሠራተኛው ጤናም ማሰብ ግድ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። አሮጌ ቀለም የተቀባ ዕቃ ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በደረቁ መፈግፈግ አይገባም፤ ውኃ በሚችል ወረቀት እያረጠቡ፣ ልጆች በሌሉበት፣ አፍና አፍንጫን አጥብቆ በሚሸፍን ማስክ ይሠራል። ብናኙ በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል።

ወንበር ወይም አልጋ የሚያሠራ ሰው ዕቃው ሳይቀባ ሄዶ ይየው። እንጨቱ መቼ እንደተቆረጠ፣ ቀርከሃው ለነቀዝ ምን እንደተደረገለት ይጠይቅ፤ ገጹንም በእጁ ይዳስስ። በጥንቃቄ ለማድረቅና ለማሸት የሚወስደው ተጨማሪ ቀን ዋጋ አለውና፣ አናጺው ሲጠይቅ ይክፈለው።